የተሸሸገችው ቅጠል፤ ስለ ቲማቲም በሽታ የተጻፈ ትምህርት

ትንሽ ጥፋት በታየችበት ቀን ቢያርሟት ትንሽ ድካም ይበቃታል። ቢሸሽጓት ግን ታድጋለች፤ ካደገችም በኋላ ብዙ ድካም አይበቃትም። ይህ ነገር በሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን በጓሮ አትክልትም እውነት መሆኑን የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

1. ጓሮዪቱ

በአንዲት የወይና ደጋ ከተማ ዳር ባልዋ የሞተባት አንዲት ሴት ከሁለት ልጆችዋ ጋር ትኖር ነበር። ታላቂቱ የ13 ዓመት ሴት ልጅ፥ ታናሹም የ10 ዓመት ወንድ ልጅ ነበረ። ከቤታቸው በስተ ኋላ ያለችው ጓሮ ጠባብ ነበረች፤ አፈርዋ ግን ጥቁርና ለም ስለ ሆነ የተተከለባትን ሁሉ ታበቅል ነበር።

እናቲቱ በሰኔ መጀመሪያ የቲማቲም ዘር በመደብ ላይ ዘራች። ችግኙ አንድ ስንዝር ያህል ሲያድግ በሐምሌ ወር 40 ሥር ወደ ጓሮዋ አዛውራ ተከለች። 31ዱን በጓሮዋ መካከል ተከለች፤ ቦታ ስለ ጠበባት የቀሩትን 9ኙን ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ፥ የቆርቆሮው ክዳን ወጣ ብሎ ዝናቡን በሚከለክልበት ስፍራ ተከለች። ከፍሬው ሽያጭ፥ ለልጆችዋ ደብተር ስትገዛ የተበደረችውን ገንዘብ ልትከፍል አስባ ነበር።

ለወንድ ልጅዋም በመካከል ከነበሩት ተክሎች አንዲቱን አሳየችውና፦ «ይህችን አንተ ጠብቃት፤ የፍሬዋም ዋጋ የአንተ ይሁን» አለችው። ልጁም ደስ ብሎት፦ «በዋጋዋ ባለ ቀለም እርሳስ እገዛለሁ» እያለ ለጓደኞቹ ነገራቸው። በየማለዳውም እየተነሣ ፍሬዋን ይቈጥር ነበር፤ መስከረም ሲጋመስ 14 አረንጓዴ ፍሬ ይዛ ነበር።

ነገር ግን በዚያች ጓሮ ሦስት ስሕተት ነበረ። አንደኛው፥ እናቲቱ ብዙ ፍሬ ለማግኘት ስትል ችግኞቹን እጅግ አቀራርባ ስለ ተከለቻቸው ነፋስ በመካከላቸው አያልፍም ነበር። ሁለተኛው፥ የሚደገፉበት እንጨት ስላልተተከለላቸው ቅርንጫፎቻቸው በርጥብ አፈር ላይ ተኝተው ነበር። ሦስተኛው፥ አምና በዚያው ስፍራ ድንች ተተክሎ ስለ ነበር፥ ሳይለቀም በመሬት ውስጥ የቀረው ድንች ከቲማቲሙ ጋር በቅሎ ነበር። እነርሱም፦ «ያለ ድካም የተገኘ ሲሳይ ነው» ብለው ተዉት። ድንችና ቲማቲም ግን ዘመዳሞች ስለ ሆኑ የአንዱ በሽታ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

2. ቅጠሊቱ

በዚያ ዓመት መስከረም ከጠባ በኋላም ዝናቡ አላቋረጠም። ሌሊቱ ቀዝቃዛ፥ ማለዳውም ጉም ነበረ። ከዕለታት አንድ ቀን ልጁ ፍሬውን ሊቈጥር ሲወጣ በራሱ ተክል ላይ አንዲት የታመመች ቅጠል አየ። በጫፍዋ ላይ የፈላ ውኃ የነካት የምትመስል፥ የጠቆረችና የረጠበች ምልክት ነበረች። ስፋትዋም ከልጁ ጥፍር አይበልጥም ነበር።

እናቱ ቀድሞ፦ «የታመመ ነገር ብታይ ፈጥነህ ንገረኝ» ብላው ነበር። ልጁ ግን በልቡ፦ «ብነግራት ተክሌን ትነቅልብኛለች፤ 14ቱም ፍሬ ይጠፋል» አለ። ስለዚህ ቅጠሊቱን ቀጥፎ ከአጥሩ ሥር ጣላት፤ ወደ ቤትም ገብቶ ምንም እንዳላየ ሰው ቁርሱን በላ።

በሦስተኛው ቀን በዚያው ተክል ላይ ሰባት ቅጠሎች ታመሙ። ልጁ እነዚያንም ቀጠፈ፤ እጁንም ሳይታጠብ በአጠገቡ ያለውን ሌላውን ተክል ዳሰሰ። እኅቱ አየችውና፦ «ምን ታደርጋለህ?» ብትለው፦ «አረም እነቅላለሁ» አላት። እነሆ፥ አንዲት ቅጠል በመሸሸግ የጀመረ ልጅ አሁን ሐሰትን ጨመረባት።

3. ጥፋቱ

በስምንተኛው ቀን ነገሩ ሊሸሸግ የማይቻል ሆነ። በጓሮዋ መካከል ያለው ቅጠል በእሳት እንደ ተለበለበ ጠቆረ፤ በግንዱም ላይ ቡናማ መስመር ወጣ፤ በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ቅባት የነካው የሚመስል ቡናማ ቁስል ታየ።

ከአጥሩ ማዶ አንዲት አሮጊት ይኖሩ ነበር። የዓመት ቀለባቸው አብዛኛው በጓሮአቸው የተከሉት ድንች ነበረ። ልጁ የጣላት ቅጠል በአጥሩ ሥር ነበረች፤ ነፋሱም ወደዚያ ይነፍስ ነበር። በዚያው ሳምንት በአሮጊቲቱ ድንች ቅጠል ላይ ያው ጥቁር ምልክት ታየ።

አሮጊቲቱም ወደ እናቲቱ መጥተው፦ «ልጄ፥ ድንቼን ምች መታብኝ፤ አለዚያም የሰው ዓይን ነው። ያለኝ እርሱ ብቻ ነበር» ብለው አለቀሱ። እናቲቱም፦ «እማማ፥ የእኔም እንደዚሁ ሆኗል፤ ምን እንደ መጣብን አላወቅሁም» አለች። ልጁ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ የአሮጊቲቱም ልቅሶ ልቡን ወጋው።

በአቅራቢያው ያለውን የትምህርት ቤት አትክልት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሴት ልጂቱ ሮጣ ጠራቻቸው። እርሳቸውም ከታመሙት ቅጠሎች አንዱን ገልብጠው ለሁሉም አሳዩ፤ ከቅጠሉ በታች በምልክቱ ዙሪያ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ሻጋታ ነበረ።

ሽማግሌውም፦ «ይህ የሰው ዓይን አይደለም፤ የፀሐይ ምችም አይደለም። ሻጋታ የሚመስል፥ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይህም ነጭ ዱቄት ዘሩ ነው። እያንዳንዱ ዘር እጅግ ረቂቅ ስለ ሆነ ለብቻው በዓይን አይታይም። ነፋስ ይሸከመዋል፤ ዝናብ ይረጨዋል። ርጥብ ቅጠል ሲያገኝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይገባበታል፤ ቅጠሉ ደረቅ ከሆነ ግን ሊበቅልበት አይችልም» አሉ።

ከዚህም በኋላ ወደ ግድግዳው አመለከቱ። በክዳኑ ሥር ያሉት 9 ተክሎች ጤነኞች ነበሩ። «እነዚህስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዘር አይደሉምን? ለምን ዳኑ? ክዳኑ ቅጠላቸውን ከዝናብ ስለ ጠበቀላቸው ነው» አሉ።

ቀጥለውም፦ «በሽታውን መጀመሪያ ያየው ማን ነው? መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ ከበሩ ጀርባ ወጥቶ እየተንቀጠቀጠ፦ «አባባ፥ እኔ ነኝ። ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው። ተክሌ እንዳትነቀልብኝ ብዬ ቅጠሊቱን ከአጥሩ ሥር ጣልኋት» አለ።

ሽማግሌው አልተቈጡትም፤ ነገር ግን እውነቱን አልሸሸጉትም። «ልጄ፥ በሽታው በነፋስ የሚሄድ ስለ ሆነ ከሌላ ስፍራም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የአንተ ነው አልልም። ነገር ግን በዚያን ቀን ተናግረህ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጥቂት ተክሎች ነቅለን ብዙዎቹን ባተረፍን ነበር። አንተ ግን ለበሽታው ስምንት ቀን ሰጠኸው። ቢሆንም ዛሬ መናገርህ ከንቱ አይደለም። የእሜቴ ድንች የታመመው ገና በቅጠሉ ነው፤ ዛሬ ከሠራን ከመሬት በታች ያለው ይተርፍ ይሆናል» አሉት።

4. ሥራው

በዚያው ቀን ሁሉም ሥራ ጀመሩ። ልጁ ማንም ሳያዝዘው 14 ፍሬ የያዘችውን የራሱን ተክል በገዛ እጁ ነቀለ። ከዚያም የቀሩትን 30 ቲማቲምና በመካከሉ የበቀለውን ድንች ነቅለው በጆንያ ከተቱት። ከጓሮዋ አውጥተው በጥልቅ ጉድጓድ ቀበሩት እንጂ በፍግ ክምር ላይ አልጣሉትም።

ወደ አሮጊቲቱም ጓሮ ተሻግረው የድንቹን ግንድና ቅጠል በማጭድ ከመሬት አጠገብ አጭደው አራቁት። ሽማግሌውም፦ «ሁለት ሳምንት ያህል ሳይቈፈር ይቈይ፤ በዚህ ጊዜ የድንቹ ቆዳ ይጠነክራል፥ በአፈሩ ላይ የወደቀውም የበሽታ ዘር ይሞታል። አሁን ብትቈፍሩት ግን በሽታው በቍስሉ ይገባል» አሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በደረቅ ቀን ሲቈፍሩት ድንቹ ትንንሽ ቢሆንም አብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የታመመውን ለይተው አወጡ።

ከግድግዳው ሥር ያሉት 9 ተክሎች መልካም ፍሬ ሰጡ። በዋጋው የዕዳው እኩሌታ ተከፈለ፤ ባለ ቀለም እርሳስ ግን አልተገዛም። እናቲቱ ለልጅዋ በቅርጫት ቲማቲም ሰጥታ ወደ አሮጊቲቱ ላከችው። እርሱም፦ «እማማ፥ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። አሮጊቲቱም፦ «ዝም ብትል ኖሮ ድንቼን ሁሉ ባጣሁ ነበር» ብለው ራሱን ዳሰሱት።

5. ይህ በሽታ በዓለም ያደረገው

ይህ በሽታ በአንዲት ጓሮ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአየርላንድ አገር ድሆች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመገቡት ድንች ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 በሽታው ወደ አገሩ ገባ፤ በ1846 ድንቹን ከሞላ ጐደል ሁሉን አጠፋው። እስከ 1852 ድረስ በረኃብና ረኃብ ባመጣው ደዌ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም አገሩን ትቶ ተሰደደ። በዚያን ጊዜ አንዳንዱ፦ «ክፉ አየር ነው» ሌላውም፦ «ዝናቡ ነው» ይል ነበር። በ1861 አንቶን ደ ባሪ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የጥፋቱ ምክንያት ያው ሻጋታ መሰል ነገር መሆኑን መርምሮ አስረዳ። በኋላም በግሪክ ቋንቋ «አትክልት አጥፊ» የሚል ትርጓሜ ያለው ስም አወጣለት።

መከላከያውም የተገኘው በማስተዋል ነው። በፈረንሳይ አገር በቦርዶ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ወይናቸውን እንዳይበላባቸው ብለው በመንገድ ዳር ያለውን ወይን ሰማያዊ የመዳብ ጨውና ኖራ በውኃ በጥብጠው ይረጩት ነበር። ፒየር ሚላርዴ የተባለ መምህር በ1882 ሲያልፍ፥ የተረጨው ወይን ከሻጋታ በሽታ ድኖ ያልተረጨው ታሞ አየ። መርምሮም በ1885 ለሰው ሁሉ ገለጠው። ከዚያ ወዲህ ይህ ድብልቅ ለድንችና ለቲማቲምም ይረጫል። ነገር ግን ጋሻ እንጂ ፈዋሽ አይደለም፤ በሽታው ሳይገባ ቅጠሉን ይጠብቃል እንጂ የገባውን አያወጣም። እንዲህ ያለውን መድኃኒት የሚረጭ ዐዋቂ ሰው ነው፤ እርሱም በዕቃው ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ አንብቦ፥ ፊቱንና እጁን ሸፍኖ ይረጫል። ልጆች ሊነኩት አይገባም።

6. በሽታን ስለ መለየት

የታመመ ተክል ሁሉ አንድ በሽታ የለውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱም አንድ አይደለም።

በታችኛው አሮጌ ቅጠል ላይ ቡናማ ምልክት ወጥቶ በውስጡ ክብ በክብ ላይ ቢታይ፥ ይህ ሌላ የሻጋታ በሽታ ነው፤ ከፊተኛው ይልቅ ቀስ ብሎ ይሄዳል። የታመሙትን የታች ቅጠሎች ቀጥፎ መቅበር፥ አፈሩም በዝናብ እንዳይረጭ በጭድ መሸፈን ይጠቅማል።

ተክሉ ቅጠሉ አረንጓዴ ሳለ በድንገት ቢጠወልግና ውኃ ቢያጠጡት ባይነሣ፥ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቈርጦ በብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። ከተቈረጠው ስፍራ እንደ ወተት ነጭ ክር ቢወርድ በሽታው ባክቴሪያ በሚባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን የመጣ ነው። ለዚህ ፈውስ የለውም፤ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ማስወገድ፥ በዚያም ስፍራ ለብዙ ዓመት ቲማቲም፥ ድንችና በርበሬ አለመትከል ይገባል።

ቅጠሉ ዥንጕርጕር ቢሆን ወይም ተጨማዶ ቢጠቀለል፥ ይህ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ከሚባለው እጅግ ረቂቅ ነገር የመጣ ነው። አንዳንዱን ትንሽ ነጭ ዝንብ ታመላልሰዋለች፤ አንዳንዱም በሰው እጅና በቢላዋ ይተላለፋል። ትምባሆ የዳሰሰ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ቲማቲም ሊነካ አይገባውም፤ የትምባሆ በሽታ ቲማቲምን ይይዛልና።

የፍሬው መቀመጫ ብቻ ቢጠቁርና እንደ ቆዳ ቢደርቅ ግን ይህ ተላላፊ አይደለም። ውኃ አንድ ጊዜ በዝቶ አንድ ጊዜ ሲቀር፥ ተክሉ ለፍሬው የሚያስፈልገውን ካልሲየም የተባለውን ማዕድን በደኅና አያደርስለትም። ሳያቋርጡ በልክ ማጠጣት ነው እንጂ ተክሉን መንቀል አያስፈልግም። ሳይመረምር የሚነቅል ሰው፥ አይቶ እንደሚሸሽግ ሰው ሁሉ ይጐዳል።

7. ሁለተኛው ተክል

እናቲቱና ልጆችዋ ከጥፋታቸው ተማሩ። ዝናቡ ካለፈ በኋላ በኅዳር ወር፥ ቀድሞ ጎመንና ሽንኩርት በነበረበት ስፍራ ቲማቲም ተከሉ። ዘሩንም ከጤነኛ ፍሬ መርጠው ነበር። በ40 ፈንታ 20 ሥር ብቻ ተከሉ፤ በአንዱና በአንዱ ተክል መካከል 60 ሳንቲ ሜትር፥ በመደቡና በመደቡ መካከል አንድ ሜትር ተዉ። ለእያንዳንዱም እንጨት ተክለው በለስላሳ ጨርቅ ላላ አድርገው አሰሩት። አፈሩን በጭድ ሸፈኑት። በማለዳ ከሥሩ ብቻ ያጠጡ ነበር እንጂ ውኃ በቅጠሉ ላይ አያፈሱም ነበር። ተክሉ ሲያድግ ከመሬት እስከ አንድ ስንዝር ያለውን ቅጠል ቀጠፉ። ጤዛ ሳይደርቅም አይነኩትም ነበር፤ ጤዛ በያዘ ተክል መካከል የሚመላለስ ሰው በሽታን ከአንዱ ወደ አንዱ ይወስዳልና።

ከአሮጊቲቱም ጋር፦ «የታመመ ቅጠል ቀድሞ ያየ ለሌላው ይንገር» ብለው ተስማሙ። ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን ቅጠሉን እየገለበጠ ከላይና ከታች ይመረምር ጀመር።

ከዕለታት አንድ ቀንም ክብ በክብ ላይ ያለበት ቡናማ ምልክት በአንዲት ቅጠል ላይ አገኘ። በዚያን ጊዜ ፍሬ አልቈጠረም፤ «እማዬ! እማዬ!» እያለ ሮጠ። ከዚያም አጥሩን ዞሮ ለአሮጊቲቱ ነገራቸው። እናቱና እኅቱ መጥተው አምስት የታመሙ ቅጠሎች ብቻ ቀጥፈው ቀበሩ፤ 20ውም ተክሎች እስከ ፍሬ ደረሱ። ከ20 ሥር የተገኘው ፍሬ ከቀድሞው 40 ሥር ከተገኘው በለጠ፤ የቀረውም ዕዳ ተከፈለ።

ከተረፈውም ገንዘብ እናቱ ባለ ቀለም እርሳስ ገዛችለት። ልጁም በመጀመሪያ የሣለው አበባን ወይም ፈረስን አልነበረም፤ በጫፍዋ ጥቁር ምልክት ያለባትን ቅጠል ሣለ። ከበታችዋም፦ «ይህችን ያየ ይናገር» ብሎ ጽፎ፥ ጎረቤቶች ሁሉ እንዲያዩት በአጥሩ በር ላይ ሰቀለው።

8. ምክር

በሽታን ከጓሮ ከማስወጣት እንዳይገባ መከልከል ይቀላል፤ ከገባም በኋላ በመጀመሪያው ቀን መናገር በስምንተኛው ቀን ከማልቀስ ይሻላል። አንዲት ተክል ለማዳን ብሎ ጥፋትን የሚሸሽግ ሰው የራሱንም የባልንጀራውንም ያጠፋል። ፈጥኖ የሚናገር ግን ጥቂት ያጣል፥ ብዙም ያተርፋል።

ጥያቄ

1. በእናቲቱ ጓሮ የነበረው ሦስቱ ስሕተት ምን ምን ነው?
2. ከግድግዳው ሥር ያሉት 9 ተክሎች ስለ ምን ዳኑ?
3. የአሮጊቲቱ ድንች ወዲያው ያልተቈፈረው ስለ ምንድር ነው?
4. የመዳብና የኖራ ድብልቅ ጋሻ እንጂ ፈዋሽ አይደለም መባሉ ምን ማለት ነው?
5. ልጁ በመጀመሪያው ቀን ምን ማድረግ ይገባው ነበር?